የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ የመጡት አሮጊት ማን ናቸው?

ሰንበቴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ «አሁንም እዚህ ነኝ» የሚለውን የብራዚል ፊልም አየሁ። በ2025 የምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም ኦስካር የወሰደው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አትጨቃጨቁኝ።) ላላየው ሰው ባጭሩ፦ ጊዜው 1971 ነው፣ ብራዚልን ወታደር ነው የሚገዛት። ሩቤንስ ፓይቫ የሚባል የቀድሞ የምክር ቤት አባልን ሪዮ ዴ ጃኔሮ ካለው ቤቱ ይወስዱታል። በዚያው ቀረ። ሚስቱ ኤውኒሲ አምስት ልጆች ይዛ ባዶ ቤት ትቀመጣለች። ታሪኩ እውነተኛ ነው።

ጥያቄዬ ስለ መጨረሻው ነው። ጊዜው ወደ 2014 ይዘልና ኤውኒሲ አርጅታ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ እናያታለን። የመርሳት በሽታ ይዟታል። ቤተሰቡ ያወራል፣ ይበላል፣ እሷ ዝም ብላለች። ቴሌቪዥኑ ስለ ጠፉት ሰዎች ያወራና የባሏ ፎቶ ብቅ ይላል። የሴትዮዋ ዓይን ትንሽ ነቃ አለ። በቃ ይኸው ነው። አንዲት ቃል አልወጣትም። እኔ ግን ሶፋው ላይ ደርቄ ቀረሁ። ያቺ አሮጊት ማን ናት? ቁርጥ ዋናዋን ተዋናይት ነው የምትመስለው። ሜካፕ ነው እንዴ?

ወለላ፦
ሜካፕ አይደለም፣ እናቷ ናት! ዋናዋ ፈርናንዳ ቶሬስ፣ አሮጊቷ ደግሞ የወለደቻት እናት ፈርናንዳ ሞንቴኔግሮ። በ1929 ሪዮ ነው የተወለደችው። ለብራዚሎች እሷ ማለት… ምን ልበልህ፣ ስሟ ሲጠራ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል።

ደግሞ ፈርናንዳም ሞንቴኔግሮም የቤት ስሟ አይደለም። አርሌት ነው የምትባለው፣ አርሌት ፒንዬይሮ። «ፈርናንዳ»ን የመረጠችው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ ውስጥ ያለች ወይዘሮ ስለሚመስል ነው። «ሞንቴኔግሮ» ደግሞ ቤተሰቦቿን ያክም የነበረ የአንድ ሐኪም ስም ነው። የሐኪም ስም ወስዳ መድረክ ላይ ስትወጣ አስቡት።

ጋሽ መብራቱ፦
ልጆች፣ የዘጠና ምናምን ዓመት እናት «እሷ» ትላላችሁ? እኔ እሳቸው ነው የምላቸው፣ እናንተ እንደ ፍጥርጥራችሁ።

ወለላ ጥሩ ጀምራለች፣ ከመድረኩ በፊት ግን ሬዲዮው አለ። አባታቸው የፋብሪካ ሙያተኛ፣ እናታቸው የቤት እመቤት ነበሩ፤ የአያት ወገን ከፖርቹጋልና ከሰርዲኒያ የመጣ ስደተኛ ነው። ገና በ15 ዓመታቸው ግድም የትምህርት ሚኒስቴር ሬዲዮ ገቡና እዚያው አሥር ዓመት ያህል ሠሩ። ዜና ማንበብ፣ ድራማ መተወን፣ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ ሁሉንም ነበር። ከጎኑ ደግሞ ለውጭ አገር ሰዎች ፖርቹጋልኛ ያስተምሩ ነበር። ደሞዝ መደጎም ነው እንግዲህ።

ይህን ያነሣሁት ሰንበቴ «ቃል አልወጣትም» ስላልክ ነው። እኔ በወጣትነቴ አማተር ቴአትር ውስጥ ነበርኩ። አዘጋጃችን ሁልጊዜ «መጀመሪያ ድምፅህን ግራው፣ ከዚያ ዝም ማለት ትማራለህ» ይለን ነበር። ያኔ አልገባኝም። ድምፅ የሌለው ሰው ዝም ሲል ዝም ብሎ ዝም ነው። እኚህ ሴትዮ ዝም ሲሉ ግን ልትናገር ነው ብለህ ትጠብቃለህ። ልዩነቱ እሱ ነው።

የአራዳ ልጅ፦
ጋሼ «ዝም ሲል ዝም ብሎ ዝም ነው» 😂 ቲሸርት ላይ ይታተም።

እኔ የማውቃት በአንድ ነገር ነው፦ ኦስካሯን ተዘርፋለች። 1999። በቃ።

ሰንበቴ፦
ቆይ፣ እናትየዋም ለኦስካር ታጭታ ነበር?

የአራዳ ልጅ፦
እንዴታ! «ማዕከላዊ ጣቢያ» በሚለው ፊልም። ያሸነፈችው ግዊኔት ፓልትሮው ናት። ኬት ብላንሼት፣ ሜሪል ስትሪፕና ኤሚሊ ዋትሰንም ነበሩበት። ብራዚሎች እስካሁን አልበረደላቸውም። ከ26 ዓመት በኋላ ደግሞ ልጅየዋ በዚያው ዘርፍ ታጨች፣ በዚያው ዳይሬክተር ፊልም፣ በዋልተር ሳሌስ። እሷም ተሸነፈች! ለዚያች ቤት የተጻፈ ነገር አለ መሰለኝ።

ወለላ፦
ለልጅየዋ ጎልደን ግሎብ አለላት እኮ። በ1986ም ገና በሃያ ዓመቷ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ምርጥ ተዋናይት ተብላለች። እናትየዋም ባዶ እጇን አይደለችም፤ በዚሁ «ማዕከላዊ ጣቢያ» በ1998 በርሊን ላይ የምርጥ ተዋናይት የብር ድብ ወስዳለች፣ ፊልሙ ራሱ የወርቁን ድብ። እንደገና በ2013፣ በ84 ዓመቷ፣ ኒውዮርክ ሄዳ ዓለም አቀፍ ኤሚ የሚባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ተቀብላለች። «ተዘረፈች» እያላችሁ አታሳዝኗት። የሚያሳዝን ነገር የላትም።

ብርቄ፦
እኔ ስለ ሽልማቱ አይደለም። ስለዚያ ስለ ጣቢያው ፊልም ልናገር፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ይቅርታ።

ዶራ የምትባል ጡረታ የወጣች አስተማሪ አለች። ሪዮ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግታ፣ ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ደብዳቤ ትጽፋለች። ለአንድ ደብዳቤ አንድ ሬያል (የብራዚል ገንዘብ ነው)፣ ፖስታ ቤት ላድርስልህ ካለች ሌላ ጭማሪ። ሰው እያለቀሰ ያጽፋታል። ለጠፋ ባል፣ ለታሰረ ልጅ፣ ለተለየ ፍቅረኛ። ማታ ደግሞ ቤቷ ወስዳ ከጎረቤቷ ጋር እያነበበች ትሥቅበታለች። ግማሹን ትቀደዋለች፣ ግማሹን መሳቢያ ውስጥ ትወረውረዋለች። አንዱንም አትልክም!

ይኼን ሳይ ሆዴ ተላወሰ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። አክስቴ ጅዳ በነበረችበት ጊዜ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰውዬ ዘንድ ይዛኝ ትሄድ ነበር። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብለው ይጀምራሉ። እናቴ ገና አፏን ሳትከፍት ግማሽ ገጽ ሞልቷል። ከዚያ እሷ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግና የሰው ፊት እያየች ምስጢሯን ለማታውቀው ሰው ትነግራለች። ሰውዬው ቀና አይሉም፣ ይጽፋሉ ብቻ። የልጅ ነገር፣ ሁሌ የምጨነቀው ቃላቱ በትክክል መጻፋቸውን ነበር። ዶራን ሳይ «እኚያም ሰውዬ ቢያደርጉትስ ኖሮ?» አልኩ። የኛ ደብዳቤ ግን ደርሷል፣ አክስቴ እስካሁን አስቀምጣዋለች።

እና ምን ገረመኝ መሰላችሁ፦ ፊልሙ ሲቀረጽ ጠረጴዛውን ጣቢያው ውስጥ ሲያስቀምጡት፣ እውነተኛ መንገደኞች እውነተኛ ደብዳቤ ጸሐፊ መስላቸው እየመጡ ቁጭ ብለው አጽፈዋታል። ሳሌስ ከእነሱ የተወሰኑትን ፊልሙ ውስጥ አስገባቸው። አብሯት የሚጓዘው ልጅም ተዋናይ አልነበረም፣ አውሮፕላን ማረፊያ ጫማ ሲጠርግ ያገኙት ሊስትሮ ነው። እስቲ አስቡት፣ ሃምሳ ዓመት የሠራች ተዋናይት ፊት ለፊት ካሜራ አይቶ የማያውቅ ሰው ተቀምጦ የልቡን ሲነግራት። አንዲት ነገር ካጋነነች ያልቅላታል።

የአራዳ ልጅ፦
ብርቄ፣ እህቴ፣ ሊፕስቲኩንስ? እኔ እዚያ ላይ ነው የሞትኩት።

ብርቄ፦
አዎ! ላላዩት፦ የጭነት መኪና ሹፌር መንገድ ላይ ያሳፍራቸዋል። ደግ፣ ጨዋ፣ ሃይማኖተኛ ሰው ነው። ዶራ ልቧ ይከጅላል። ምግብ ቤት ይቆማሉ፣ እጁን ያዝ ታደርጋለች። ከዚያ ሽንት ቤት ገብታ ከማታውቃት ሴት ሊፕስቲክ ተውሳ ትቀባለች። ስትቀባ እንኳ እጇ የለመደ እጅ አይደለም። ስትመለስ ሹፌሩ ትቷቸው እየነዳ ነው። ከንፈሯ ቀይ፣ ፊቷ አመድ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ፊት፣ የሰፈር ሴት ሆና። ሆሊውድ ያቺን ሴት ቢያገኛት መጀመሪያ ፀጉሯን ያሠራት ነበር።

ጥያቄ አለኝ፦
ሁላችሁም እያደነቃችሁ ነው፣ እኔ ትንሽ ላናድዳችሁ። ብራዚል ከግማሽ በላይ ሕዝቧ ጥቁር ወይም ክልስ የሆነ አገር ናት። ለምንድን ነው «የብራዚል ፊት» ሲባል ሁሌ ነጭ ሰው የሚመጣው? በ2025 የወጣው «ቪቶሪያ» ላይ ሞንቴኔግሮ ከመስኮቷ ሆና የዕፅ ነጋዴዎችን በካሜራ የቀረጸች አሮጊት ሆና ሠርታለች። እውነተኛዋ ሴትዮ ግን ጥቁር ነበረች!

ሳኦ ፓውሎ ያለሁ፦
ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ እዚህም ተነሥቷል። ግን አንድ ነገር ጨምርበት። ሴትዮዋ የምስክሮች ጥበቃ ውስጥ ስለነበረች ማንነቷ ተደብቆ ነው የኖረው። በ2023 ስትሞት ነው ስሟና ፎቶዋ የወጣው፤ ያኔ ቀረጻው አልቋል። ስለዚህ በዚህ ፊልም ተዋናይቷን መውቀስ ይከብዳል። በአጠቃላይ ግን ልክ ነህ።

ሌላ ክር መከፈት ያለበት ለሩት ዲ ሶውዛ ነው። በ1921 የተወለደች ጥቁር ተዋናይት። አብዲያስ ዶ ናሲሜንቶ በ1944 «የጥቁሮች የሙከራ ቴአትር» የሚባል ቡድን አቋቋመ። በ1945 ይኼ ቡድን ሪዮ ማዘጋጃ ቤት ቴአትር መድረክ ላይ ሲወጣ ሩት አብራ ነበረች። በ1954 ቬኒስ ላይ ለምርጥ ተዋናይት ታጭታለች። ከፈርናንዳ የኦስካር እጩነት 45 ዓመት በፊት መሆኑ ነው! በ2019 አረፈች። ከብራዚል ውጭ ግን ስንት ሰው ያውቃታል?

ጥያቄ አለኝ፦
ይኼን ነበር የፈለግኩት። አመሰግናለሁ ወንድሜ።

ጋሽ መብራቱ፦
ስለ ሩት መጻፍህ ደስ ብሎኛል። አሁን ወደ መድረኩ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም እኚህን ሴትዮ በሁለት ፊልም ብቻ ልታውቋቸው ነው።

መድረክ የወጡት በ1950 ነው። እዚያው ተውኔት ላይ ፈርናንዶ ቶሬስ አብሯቸው ነበር፣ በኋላ ባላቸው የሆነው። (ፈርናንዶና ፈርናንዳ፣ የሠርግ ካርድ ለማሳተም አይቸግርም።) በ2008 እስኪሞት ድረስ አብረው ሠሩ። በ1951 ደግሞ የሪዮው ቱፒ ቴሌቪዥን ኮንትራት ያስፈረማቸው የመጀመሪያዋ ተዋናይት ሆኑ። ያኔ ቴሌቪዥን ማለት ቴአትር በቀጥታ ማስተላለፍ ነው። ቅጂ የለ፣ «እንደገና» የለ። ቃሉ ከጠፋብህ አገር እያየህ ጠፋብህ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተውኔቶች በዚያ መንገድ ሠርተዋል። አንዱም አልተቀረጸም፣ እንደ ጉም በኖ ቀረ።

በ1959 ከባላቸው፣ ከሰርጂዮ ብሪቶ፣ ከኢታሎ ሮሲና ከጣሊያናዊው አዘጋጅ ጃኒ ራቶ ጋር «የሰባቱ ቴአትር» የሚባል ቡድን መሠረቱ። ከዚያ ኔልሰን ሮድሪገስን፣ የብራዚልን ትልቁን ጸሐፌ ተውኔት፣ ስልክ እየደወሉ «ተውኔት ጻፍልን» እያሉ ነዘነዙት። ጻፈ። በ1961 ታየ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መኪና የገጨው ሰው አስፋልት ላይ ሊሞት ሲል በአጠገቡ ያለፈውን ሰውዬ «ሳመኝ» ይለዋል። ሰውዬው አዝኖ ይስመዋል። አንድ ጋዜጠኛና አንድ ፖሊስ ይህንን ይዘው ሰውዬውን መግቢያ መውጫ ያሳጡታል። እሳቸው የሰውዬው ሚስት ሆነው ነው የተጫወቱት። መጀመሪያ ባሏን ታምናለች፣ ከዚያ ወሬው ቀስ እያለ ይገባባታል። አሁን በፌስቡክ ዘመን አንብቡት፣ ትናንት የተጻፈ ነው የሚመስላችሁ።

ሳኦ ፓውሎ ያለሁ፦
ጋሼ እጅ ነሥቻለሁ። እኔ ደግሞ ስለ ቴሌኖቬላው። እኛ አገር «ተከታታይ ድራማ» ሲባል ሰው አፍንጫውን ይነፋል። እዚህ ግን ትልልቆቹ የመድረክ ሰዎች ሁሉ ሠርተውበታል። በ1983 በወጣው «የጾታዎች ጦርነት» እሷና ፓውሎ አውትራን (እሱም የቴአትር አንጋፋ ነው) ቁርስ ላይ ይጣላሉ። ስድብ ይጀመራል፣ ከዚያ ቂጣው ይወረወራል፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለው በሙሉ። ሁለቱም የተከበሩ ሽማግሌዎች በምግብ ተለውሰው ያልቃሉ። ብራዚላዊ ጓደኛህን «የቁርሱ ትዕይንት» በለው፣ ገና ሳትጨርስ ይሥቃል።

በ1985 ወታደሩ ሥልጣን ሲለቅ ፕሬዚዳንት ሳርኔይ የባህል ሚኒስትር ሁኚ አላት። አልፈልግም፣ ቦታዬ መድረክ ነው አለች። በዚህ አገር ሹመት እምቢ ያለ ሰው አይረሳም። (በየትኛውስ አገር ይረሳል?)

የአራዳ ልጅ፦
ሚኒስትርነት እምቢ? እኛ ሰፈር የዕድር ጸሐፊነት እንኳ በድምፅ ብልጫ ነው የምንጣላበት።

ሳኦ ፓውሎ ያለሁ፦
😂 ሰላም ግን አልሰጧትም። በ2019፣ 90 ዓመት ሊሞላት ሲል፣ መጻሕፍት ክምር ላይ ልትቃጠል የተዘጋጀች ጠንቋይ መስላ ለአንድ መጽሔት ሽፋን ፎቶ ተነሣች። ሳንሱርን ለመቃወም ነው። የመንግሥት የኪነ ጥበብ ተቋም ሹም በአደባባይ ሰደባት። የአገሪቱ አርቲስት በሙሉ ተነሣበት። በ2021 ደግሞ የብራዚል የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ወንበር ቁጥር 17 ላይ መረጣት። በነሐሴ 2024 ሳኦ ፓውሎ ኢቢራፑዌራ ፓርክ ውስጥ የፈረንሳዊቷን ፈላስፋ የሲሞን ደ ቦቯርን ጽሑፍ አነበበች። ብቻዋን፣ ተቀምጣ፣ ወረቀት ይዛ። አሥራ አምስት ሺህ ያህል ሰው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ሰማት። ለፍልስፍና ንባብ! ዘፋኝ የለ፣ ጭፈራ የለ።

ወለላ፦
እኛም እኮ ሰምተናታል፣ ሳናውቃት። የሪዮ 2016 ኦሎምፒክ መክፈቻ በኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነበር፣ እኔ ቡና አፍልቼ ነው ያየሁት። መሐል ላይ አንዲት ሴት በፖርቹጋልኛ ግጥም ታነባለች። የብራዚላዊው ገጣሚ የካርሎስ ድሩሞንድ ነው፣ አስፋልት ሰንጥቃ ስለበቀለች አበባ። እንግሊዝኛውን እንግሊዛዊቷ ተዋናይት ጁዲ ዴንች አነበበችው። ፖርቹጋልኛው የፈርናንዳ ድምፅ ነው። እኔ ያኔ የኛን ሰልፍ ነበር የምጠብቀው። ከሳምንት በኋላ አልማዝ በ10 ሺህ ሜትር 29:17.45 ገብታ ሁሉንም አስረሳችን።

ሰንበቴ፦
ጥያቄ ጠይቄ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። 🙏 እሺ ቀጥሎ ምን ልይ?

ጋሽ መብራቱ፦
«ብላክ ታይ አይለብሱም» (ብላክ ታይ የሀብታም ግብዣ ልብስ ነው)። 1981፣ የሊዮን ሂርዝማን ሥራ። ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ወስዷል። የሳኦ ፓውሎ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ ያቆማሉ። አባት የአድማው ሰው ነው፣ ልጅ ግን እጮኛው ስላረገዘችበት አድማውን ሰብሮ ይገባል። እናትየዋን፣ ሮማናን፣ እሳቸው ናቸው የሚጫወቷት። አባት ሆኖ የሚጫወተው ጓርኒዬሪ ተውኔቱን የጻፈው ራሱ ነው። በ1958 መጀመሪያ መድረክ ላይ ሲታይ ልጁን ሆኖ ተጫውቶ ነበር። ዕድሜ ከልጅነት ወደ አባትነት አሻገረው።

መጨረሻው አካባቢ አንድ ቦታ አለ። የቤቱ ወዳጅ ተገድሏል፣ ልጁም ከቤት ወጥቷል። ባልና ሚስት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቦሎቄ ዘርግተው ይለቅማሉ። ብዙ አይነጋገሩም። ሌላ አልነግርህም።

ሰንበቴ፦
(ከአራት ቀን በኋላ)
ጋሽ መብራቱ፣ አየሁት። ብቻዬን አይደለም። እናቴ ከገጠር መጥታ እኛ ጋ ናት። ፖርቹጋልኛ አታውቅ፣ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አታነብ። ሕፃኑ ስለተኛ ድምፁንም ቀንሼዋለሁ። እሷ ጥጥ እየፈተለች አልፎ አልፎ ቀና ትላለች። ቦሎቄው ሲመጣ እንዝርቷን አስቀመጠች።

መጀመሪያ «ምነው ሰፌድ የላቸውም? እንዲህ ተደርጎ ይለቀማል?» አለች። ሣቅኩ።

ከዚያ ሮማና ማልቀስ ስትጀምር፣ እጇ ግን መልቀሙን ሳይተው፣ ዝም አለች። ትዕይንቱ እስኪያልቅ አላነሣችውም እንዝርቱን። በኋላ ወደኔ ዞር ብላ «ሰው ሞቶባቸዋል አይደል?» አለችኝ።

ጋሽ መብራቱ፦
ምን አልካቸው?

ሰንበቴ፦
«አዎ» አልኳት። «ታዲያ ለቀስተኛ ሊመጣ ነዋ፣ ቦሎቄው ለዚያ ነው» ብላ ወደ ጥጧ ተመለሰች።